ሚዛኑን ወደ ደንበኛው ያዞረ ወፍጮ ቤት

ለማጭበርበር እንደ ወፍጮ ቤት የሚመች የንግድ ቦታ ብዙ የለም። ጨርቅ የሚገዛ ሰው ጨርቁን ዘርግቶ ያየዋል፤ በግ የሚገዛ ሰው ወገቡን ጨብጦ፣ ጥርሱን ገልጦ ይመረምራል። ወፍጮ ቤት የሄደ ሰው ግን በእህል ያስረከበውን በዱቄት ይረከባል፤ ዱቄት ደግሞ የማን እንደ ነበረ አይናገርም። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ተደምሮ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ከኩንታሉ ሁለት ኪሎ ቢጎድል ወይም የሌላ ሰው ገብስ ቢቀላቀልበት በዓይኑ አይቶ የሚያውቅ የለም። ስለ ምግብ ቤትና ስለ ሆቴል ይህን ያህል ሲጻፍ ስለ ወፍጮ ቤት የሚጽፍ ሰው መታጣቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ እንጀራ ጋግሬ ለደንበኞች በማስረከብ የምተዳደር ሴት ነኝ፤ ከገበያው ብዙም ሳይርቅ ስለሚገኝና አዘውትሬ ስለማስፈጭበት አንድ ወፍጮ ቤት፣ መልካሙንም ጉድለቱንም፣ እጽፋለሁ። ባለቤቱ የእሳቸውም የቤቱም ስም እንዳይጠራ ስለ ጠየቁ ትቼዋለሁ፤ የሰፈሩ ሰው ግን ከሚዛኑ አቀማመጥ ብቻ ያውቀዋል።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናት። ዙሪያዋ፣ ባሶና ወራናም ሆነ ወደ መንዝ የሚያወጣው ደጋ፣ የገብስና የባቄላ አገር ነው፤ ጤፋችን ከምንጃር ሸንኮራ፣ ከሞረትና ጅሩና ከመሳሰሉት ዝቅ ያሉ ወረዳዎች እየተጫነ ይመጣልናል። በዚህም የተነሣ በአንድ ጣሪያ ሥር ጠዋት የገጠሩ ሰው የበሶና የጠላ ገብስ፣ ከሰዓት በኋላ የከተማው ሰው ጤፍ ይፈጫል፤ መቀላቀል የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ብርዱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቆላ ላይ ቶሎ የሚፈላው ሊጥ እኛ ዘንድ ሦስት ቀን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የዱቄቱ ጥፋት የሚገለጠው ዱቄቱ ከወፍጮ ቤት በወጣበት ቀን ሳይሆን አብሲቱ ተጥሎ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣድ ላይ ከተሰፋ በኋላ ነው። እንጀራው ዓይን አልባ ሆኖ ሲወጣ ወይም ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ሲል፣ ፈጪው «ከእርሾሽ ነው፣ ከውኃው ነው» ቢል የሚሟገተው ማን ነው? ማስረጃው እኮ ተቦክቷል። ለዚህ ነው በዚህ ሥራ የደንበኛው ንቃት ብዙ የማይጠቅመው፤ ሁሉ ነገር የሚንጠለጠለው በሠራተኛውና በባለቤቱ ሐቀኝነት ላይ ነው።

ወደዚህ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው ሚዛኑ ነው። በብዙ ወፍጮ ቤቶች ሚዛኑ ጥግ ይዞ፣ ከማዳበሪያ ክምር ኋላ፣ ቁጥሩ ወደ መዛኙ ዞሮ ይቀመጣል፤ ለደንበኛው የሚደርሰው የመዛኙ ድምፅ ብቻ ነው። እዚህ ግን ሚዛኑ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ቁጥሩ የሚታይበት ሰሌዳም ወደ አስፈጪው ዞሮ በሰው ቁመት ልክ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እህሉ ሲገባ ይመዘናል፤ ተራ ቁጥሩና ኪሎው በሁለት የካርቶን ቁራጮች ላይ ይጻፍና አንዱ ከማዳበሪያው አፍ ጋር ሲታሰር ሌላው ለእህሉ ባለቤት ይሰጣል። ዱቄቱ ሲወጣ እንደገና ይመዘናል። እኔ የምወደው ይህን ሁለተኛውን ምዘና ነው። የማስፈጫ ዋጋ የሚታሰበው በገባው ኪሎ ስለ ሆነ ለሂሳቡ አያስፈልግም፤ ለሠራተኞቹ ድካም ይጨምራል እንጂ ለቤቱ የሚያስገባው ሳንቲም የለም። የሚደረገው ደንበኛው የጎደለውን በዓይኑ እንዲያይ ብቻ ነው።

መጉደሉ አይቀርም፤ አይጎድልም ብሎ የሚምል ወፍጮ ቤት ቢኖር ያን ጊዜ መጠርጠር ይገባል። ድንጋዩ ሲሽከረከር ይሞቃል፣ ሙቀቱ ከእህሉ እርጥበት ይቀንሳል፣ ብናኙም ጣሪያና ግድግዳ ላይ ይቀራል። በቅርቡ 50 ኪሎ ነጭ ጤፍ አስገብቼ የወጣልኝ ዱቄት 49 ኪሎ ከ400 ግራም ነበር። ባለቤቱ ሰሌዳውን በጣታቸው እያሳዩ «ይኼ እርጥበቱና ብናኙ ነው፤ ከኪሎ ካለፈ ግን ዝም ብለሽ እንዳትሄጂ፣ እኔን ጠይቂኝ» አሉኝ። ነገሩ አባባል ብቻ አለመሆኑን ያየሁት አንዲት እናት ገብስ አስፈጭተው ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ በጎደለባቸው ጊዜ ነው። ወፍጮው እንዲቆም ተደረገ፣ ተራ የምንጠብቀው ሁሉ እያየን የዱቄቱ መውረጃ ተከፈተ፤ እርጥብ የነበረው ገብስ መውረጃው ጉሮሮ ላይ ተጋግሮ ተገኘ። እሱን በመጥረጊያ አውርደው፣ መዝነው፣ ለሴትዮዋ ጨመሩላቸው፤ የገብሳቸውን እርጥበትም ነግረው ለሚቀጥለው ጊዜ ፀሐይ እንዲያስመቱት መከሯቸው። በልጅነታችን ዱቄት ሲጎድል ትልልቆቹ «ሰላቢ ወሰደው» ይሉ ነበር። ሚዛኑ ወደ ሰው ከዞረ ወዲህ በዚህ ሰፈር ስለ ሰላቢ የሚያወራ አልገጠመኝም።

ከሚዛኑ ይልቅ እኔን ያሳመነኝ ግን የድንጋዩ ጉዳይ ነው። የጤፍ ወፍጮ የሚፈጨው አንዱ ቆሞ ሌላው በሚሽከረከር ጥንድ ድንጋይ ነው። ድንጋዮቹ እየፈጩ ሲሰነብቱ ገጻቸው ይለሰልሳል፤ የለሰለሰ ድንጋይ እህሉን መቁረጥ ትቶ ይደፈጥጠዋል፣ ያግለዋል፣ ዱቄቱም ይቃጠላል። የተቃጠለ ዱቄት በእጅ ሲነካ ይሞቃል፤ ሊጡ አይነሣም፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ስለዚህ ወፍጮው በየጊዜው ይፈታና ድንጋዩ በመሮና በመዶሻ ይወቀራል። ከተወቀረ በኋላ ደግሞ መጀመሪያ የሚገባው እህል የድንጋዩን ብናኝ ይዞ ይወጣል፤ ይህን የማያውቅ የወፍጮ ሠራተኛ የለም። ዋናው ጥያቄ ያ መጀመሪያ የሚገባው እህል የማን ነው የሚለው ነው።

ከዚህ በፊት አስፈጭበት በነበረ በአንድ ሌላ ወፍጮ ቤት መጀመሪያ የሚገባው የመጀመሪያው ደንበኛ እህል ነበር፤ ማልዶ የመጣ ሰው በመማለዱ ይቀጣ ነበር ማለት ነው። አንድ ጊዜ ዕጣው ለእኔ ደረሰና ለደንበኞቼ ያስረከብሁት እንጀራ አሸዋ አሸዋ እያለ ተመለሰብኝ፤ ያደረ ምሬቴን ይዤ ብሄድ የተሰጠኝ መልስ «ጤፍሽን በደንብ አላበጠርሽም» የሚል ሆነ። የተበጠረና የተነፋ ጤፍ ነበር፤ ሆኖም በምን አስረዳለሁ? አሁን የምጽፍለት ቤት ባለቤት ድንጋይ በተወቀረ ቁጥር በራሳቸው ገንዘብ የገዙትን ፉርሽካና የተሰባበረ በቆሎ ደጋግመው ያስፈጩበታል፤ የወጣውንም ይደፉታል። ሲደፉት አይቼ «ጋሼ፣ ለከብት መኖ እንኳ አይሸጥም?» ብላቸው፣ «ላም ጥርስ የላትም ያለሽ ማን ነው፣ እህቴ?» አሉኝ። ከዚያም በኋላ በሩ ላይ በጠመኔ «ድንጋይ ትናንት ተወቅሯል» ብለው ይጽፋሉ፤ በጣም ነጭና ለስላሳ ዱቄት የሚፈልግ ሰው አንድ ቀን ቢያሳልፍ ይሻለዋል ብለው ደንበኛ ይመልሳሉ። በዚያ ቀን ገበያቸው እንደሚቀዘቅዝ አይቻለሁ፤ ጽሑፉን ግን ሲተዉት አላየሁም።

ሽሮና በርበሬ የሚፈጩት በሌላ ክፍል፣ በሌላ ወፍጮ ነው። ይህ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አብሽ ወይም ኮሰረት ያለበት ሽሮ በተፈጨበት ድንጋይ ጤፍ ያስፈጨ ሰው እንጀራው ለሳምንት ምን ምን እንደሚሸት ያውቃል። ከገብስ ወደ ጤፍ ሲዛወሩ መውረጃውን ይጠርጋሉ፤ ከአዲሱ እህል መጀመሪያ የሚወርደውን አንድ ሁለት ጭብጥ ዱቄትም ለብቻው ተቀብለው የእህሉን ባለቤት ይጠይቃሉ፦ ይቀላቀል ወይስ ለብቻ ይያዝ? አብዛኛው ሰው ይቀላቀል ይላል። ቢሆንም መጠየቁ አይቀርም።

አንድ ቀን በአጠገቤ የነበረች ወጣት እናት ሐኪም ስንዴና ገብስ የከለከለባት ልጅ እንዳለቻት ነግራ ለልጅቷ የሚሆን ጤፍ ልታስፈጭ ስትል ባለቤቱ አልፈጭም አሏት። ጤፍ በራሱ ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ የሚስማማ እህል ነው፤ ስንዴንና ገብስን አደገኛ የሚያደርገው ግሉተን የሚባለው ነገር የለውም። ነገር ግን ስንዴና ገብስ በሚፈጭበት ድንጋይ ተፈጭቶ ንጹሕ ሊሆን አይችልም፤ ስንዴውን ጠርጌዋለሁ ማለት አይቻልም። ሰውየው ይህንኑ በራሳቸው አነጋገር አስረዷትና ጤፉን እቤቷ በትንሽ የኤሌክትሪክ መፍጫ ደጋግማ እንድትፈጨው መከሯት። ሊያገኙት የሚችሉትን ገንዘብ «የእኔ ወፍጮ ለዚህ አይሆንም» ብለው መመለሳቸው፣ ስለዚህ ቤት ከማውቀው ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ነው። ከሌላው ሁሉ በፊት ደንበኛ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን «አይሆንም» ነው።

ቤቱ ጤፍም ይሸጣል፤ በዚህ በኩል ያለኝ አስተያየት ምስጋና ቢኖርበትም ያን ያህል የጋለ አይደለም። በገበያችን ነጭ የሆነ ጤፍ ሁሉ «የምንጃር ማኛ» ነው፤ ምንጃር ያን ሁሉ ማኛ አምርቶ ቢሆን ኖሮ ወረዳው ከነተራራው ማሳ በሆነ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው «ቁንጮ» የተባለው ነጭ ዝርያ በብዙ አካባቢዎች ስለ ተስፋፋ ንጣት ብቻውን የምንጃርነት ምልክት መሆኑ ቀርቷል። እዚህ ቤት ማዳበሪያዎቹ ላይ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ ተብሎ ተጽፎ የመጣበት ወረዳም ይጠቀሳል፤ ከየት እንደ መጣ እርግጠኛ ያልሆኑበት ላይ የወረዳውን ቦታ ባዶ ይተዉታል። ይህ ደግ ነው። ሆኖም ሰርገኛው በምን መጠን እንደ ተደባለቀ፣ ተፈጥሮው ድብልቅ ይሁን ቤት ውስጥ የተቀላቀለ፣ ስጠይቅ ጥርት ያለ መልስ አላገኘሁም፤ «ከነጋዴው እንዲሁ ነው የመጣው» ብቻ ነው የተባልሁት። ነጋዴውን መጠየቅ ደግሞ የእሳቸው እንጂ የእኔ ሥራ አይደለም። በእንጀራ ጀሶ፣ በበርበሬ ቀይ አፈር፣ በቅቤ ሙዝ ተቀላቀለ የሚል ወሬ በየጊዜው በምንሰማበት ዘመን፣ ለራሱ ወፍጮ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ከሌላ ተቀብሎ ለሚሸጠውም ያን ያህል መጠንቀቅ ነበረበት።

ደረሰኝም ሌላው ጉድለት ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍና ለሸጠው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። የመጀመሪያው በሚገባ ተፈጽሟል፤ የጤፍ፣ የገብስ፣ የሽሮና የበርበሬ ማስፈጫ ዋጋ በትልቁ ተጽፎ ተሰቅሏል። ለማስፈጫ የሚሰጠው ግን ያቺው የካርቶን ቁራጭ ናት፤ ጤፍ ሲገዛም ደረሰኝ የሚሰጠው ለጠየቀ ብቻ ነው። እንደኔ ወጪውን መዝግቦ ለሚይዝ ሰው ይህ ያስቸግራል፤ ለመንግሥት የሚገባው ግብርም ቢሆን የሰው ሐቅ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የልጆቹ ነገር ነው። ወፍጮው ላይ የሚሠሩት ወጣቶች ቅንድባቸው እስኪነጣ ድረስ በብናኝ ተሸፍነው፣ አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ ከጠዋት እስከ ማታ ይውላሉ። የዱቄት ብናኝ ሳል ያመጣል፣ አንዳንዱን ለአስም ይዳርጋል፤ ይህ ከጥንት ጀምሮ በወፍጮና በዳቦ ቤት ሠራተኞች ላይ የታወቀ የሥራ በሽታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መከላከያ ማቅረብንና ሠራተኛው እንዲጠቀምበት ማድረግን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። ይህን አንሥቼ ስጠይቅ ባለቤቱ «ገዝቼ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ይሞቀናል እያሉ ያወልቁታል» አሉኝ። መልሱ አላጠገበኝም፤ እንዲህም አልኋቸው። የአንዲት እናት ኪሎ ተኩል ገብስ እስኪገኝ ወፍጮ የሚያስቆም ሰው፣ ጭምብል ያላደረገ ሠራተኛ ሲያይ ለምን አያስቆምም? ድንጋዩ ላይ የተጨነቁለት ብናኝ የደንበኛ ሆድ ውስጥ እንዳይገባ ነው፤ ያው ብናኝ የልጆቹ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ግን ምርጫው የልጆቹ ሆነ ማለት ነው። መስኮቱን አስፍተው የአየር ማውጫ ሊያስገቡ እንዳሰቡ ነግረውኛል። እስካሁን ግን አልተገጠመም።

ተራ አጠባበቁ በጥቅሉ ፍትሐዊ ነው። አሥር ኩንታል የጫነ ነጋዴም አሥር ኪሎ የተሸከመች ሠራተኛም በካርቶኑ ቁጥር ይስተናገዳሉ፤ ስልክ ደውሎ ተራ ማስያዝ የለም። ለየት የሚለው በቅዳሜ ገበያ ቀን ከገጠር በአህያ የመጡ ሰዎች ጉዳይ ነው። እነሱ ሳይመሽባቸው አገራቸው መግባት ስላለባቸው ባለቤቱ ብቅ ብለው «እናንተ ከተሜዎች፣ ለእነዚህ ሰዎች ትለቁላቸዋላችሁ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዳንዱ ያጉረመርማል፤ እኔም ሊጥ የሚጠብቀኝ ቀን ደስ እያለኝ አይደለም የምለቀው። ቢሆንም ጠይቀው ማስቀደማቸው በጓሮ በር አስገብተው ከሚያስቀድሙት ይለያል፤ እምቢ ያለ ሰው ተራውም አይነጠቅበትም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በድንጋዩ መካከል የቀረው እህል የማን እንደ ሆነ በካርቶኑ ታውቆ ይቆያል፤ መብራቱ ሲመለስ ከእሱ ይጀመራል እንጂ ሌላ አይደረብበትም።

ዋጋው ከአካባቢው ወፍጮ ቤቶች በኪሎ 1 ብር ይበልጣል፤ ስለዚህ በ50 ኪሎ 50 ብር ማለት ነው። በዛሬ ገበያ 50 ብር አንድ ኪሎ ጤፍ እንኳ አይገዛም። በሌላ ቦታ አንድ ኪሎ ብቻ ቢሰለብብኝ ርካሹ ወፍጮ ተወደደብኝ ማለት ነው፤ የተበላሸውን ሊጥና የሸሸውን ደንበኛ ሳልቆጥር። ለአንድ ቤተሰብ በወር አንዴ ለሚያስፈጭ ሰው ልዩነቱ ያን ያህል ላይታየው ይችላል፤ እንጀራ ጋግሮ ለሚሸጥ፣ ለሕፃን አጃና ገብስ ለሚያዘጋጅ፣ ወይም ድግስ ላለበት ሰው ግን ያለማመንታት እመክራለሁ። ጥቂት በርበሬ ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ሌላ ቦታ ቢሞክር ይሻለዋል፤ የበርበሬው ወፍጮ ከአምስት ኪሎ በታች አይቀበልም፣ ክፍሉም ጠባብና ጨለማ ነው።

ቅዳሜ ከረፋዱ በኋላ መሄድ ረጅም ሰዓት ያስጠብቃል። ድንጋዩ ብዙውን ጊዜ የሚወቀረው ማክሰኞ ማታ ስለ ሆነ ጤፍ ያለው ሰው ሐሙስ ወይም ዓርብ ጠዋት ቢሄድ ይመረጣል፤ ረቡዕ የሚሄድ ግን ከመግባቱ በፊት በሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈውን ያንብብ፤ እህሉንም ቀድሞ አበጥሮና በፀሐይ አድርቆ፣ ባዶ ማዳበሪያ ጨምሮ ይዞ ይሂድ፤ ቤቱ ማዳበሪያ አያውስም።